ፖስተኛው ያልቆጠራቸው ደረጃዎች

«ቀስ በል እንጂ፤ የሚያባርርህ አለ?» አለች እህቱ ከኋላው።

ፖስተኛው ቆሞ ሰዓቱን አየ። ከከተማው በር ተነሥተው፣ ግንቡን ታክከው አደባባዩ ላይ ለመድረስ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። ብቻውን ሲሄድ አሥራ አራት ነበር። አጥፎ የያዘውን ቅጽ ዘርግቶ ቁጥሩን ጻፈና መልሶ አጠፈው።

ቅጹን የሰጠው የቱሪዝም ቢሮው ነው። ቢሮው አሮጌውን ከተማ ለሚጎበኙ ሰዎች «ቀላል የእግር መንገድ» የሚል ካርታ ሊያሳትም ነው፤ ለአዛውንት፣ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ፣ እግሩ ለማያስተማምነው ሁሉ የሚሆን። መንገዱን የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እሱ ጠቆመ። በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ሠላሳ ሁለት ዓመት ደብዳቤ አድሏል፤ ጡረታ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ቅጹን ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ለቢሮው በስልክ አንብቦላቸዋል። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ መንገዱን በዕድሜ የገፋ ሌላ ሰው ሞክሮታል ወይ ይላል። ስለዚህ ታላቅ እህቱን ከአዲሱ ሰፈር በታክሲ አመጣት። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ዓመት ሆኗታል፤ የምትሄደው በከዘራ ነው። ካርታው ደግሞ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል።

«ስንት ቀረን?»

«ይቺን ቁልቁለት ወርደን ድልድዩ ነው። አለቀ በይው።»

«ቅድምም አለቀ ብለኸኛል።»

«ቅድም መቼ?»

«ከበሩ ስንነሣ።»

ፖስተኛው ሳቀና ወደ ጠራዦች መንገድ ታጠፈ። ድሮ እዚህ መንገድ ውስጥ ሰባት መጽሐፍ ጠራዦች ነበሩ። አሁን አንድ ቀርቷል፤ እሱም ወዳጁ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳውን አውርዶ ያረፈው እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። ዛሬ መጽሐፍ የሚያስጠርዝ ሰው ጠፍቷል፤ የጠራዡ ልጅም ሱቁን ዝጋውና እኛ ጋ ኑር እያለ ይወተውተዋል። መንገዱ በጠራዦች በኩል እንዲያልፍ ፖስተኛው የመረጠው ለዚህ ነው። «ሰው በደጅህ ያልፋል» ብሎ ነገረው። ጠራዡም አርባ ትንንሽ ደብተሮች በቆዳ ጠርዞ መስኮቱ ላይ ደረደረ።

እህቱ መንገዱ አፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ከፊቴ ያለው።»

ፖስተኛው አየ። «መንገዱ ነዋ።»

«ደረጃ ነው እኮ፣ አንተ።»

እንደገና አየ። እውነትም ደረጃ ነው፤ መሐል መሐሉ በሰው እግር ብዛት ጎድጉዶ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ የድንጋይ ደረጃ። ቅጹ ላይ «ደረጃ አለ?» ለሚለው «የለም» ብሏል። አውቆ አልዋሸም። ቦርሳውን አንግቶ በየቀኑ እየሮጠ ይወርደው ስለነበር እግሩ ራሱ ይጨርሰው ነበር እንጂ እሱ አስቦበት አያውቅም።

«ስንት ነው?» አለችው።

«እንጃ።»

«የሰዉን ሁሉ የቤት ቁጥር በቃልህ ትወጣለህ፤ ይሄን አታውቀውም?»

እየቆጠረ መውረድ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ እግሩ ድንጋይ ይኖራል ባለበት ቦታ ድንጋይ አጣ፤ ግድግዳውን ባይደገፍ ኖሮ በግንባሩ ይደፋ ነበር። እዚህ ቦታ ተደናቅፎ አያውቅም።

«ፖስታ ነበር የምታድለው ወይስ ፍየል ነበርክ?» አለች ከላይ።

አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ተመልሶ ወጣና ትከሻውን ሰጣት። እንደ ሕፃን ጎን ለጎን እየረገጠች፣ ሁለቱንም እግሯን አንድ ድንጋይ ላይ እያሳረፈች ወረደች። አሥረኛው ላይ መቀለዱን ተወችው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የከዘራዋ ድምፅና ትንፋሿ ብቻ ሆነ፤ ጣቶቿ ትከሻው ውስጥ ሰመጡ። ታች ሲደርሱ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል።

ጠራዡ በመስኮት አይቷቸው ወንበር ይዞ በር ላይ ደርሷል።

«እትዬ፣ ከስንት ዘመን በኋላ! ግቢ፣ ግቢ።»

«ሳልሞት ደረስኩልህ» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ፖስተኛውም አጠገቧ አረፍ አለ።

ጠራዡ የእጁን ሙጫ በጨርቅ እየጠረገ ወደ ፖስተኛው ዞረ። «ከሰው ሁሉ እሷን አመጣህ?»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ። የዚህን ሰውዬ ጭንቅላት ነው የማማው።»

ሳቁ። ጠራዡ የጀመረውን መጽሐፍ አንሥቶ መርፌውን በወረቀቶቹ እጥፋት ውስጥ አሳለፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደረጃ የሌለው አሮጌ ከተማ የት አለ? የሚመጣው ሰው ይሄን አያጣውም። ደግሞ እሷም ወርዳለች፤ ይኸው ተቀምጣለች።»

«ወርዳለች» አለ ፖስተኛው። የእህቱ ጭን ይንቀጠቀጣል፤ እንዳይታይባት በመዳፏ ተጭናዋለች።

«ትናንት ለልጄ ነግሬዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጎብኚ ይመጣል፣ አልዘጋም አልኩት። እንደ ወትሮው አልወተወተኝም። ደስ ያለው መሰለኝ።»

የፖስተኛው ስልክ ጮኸ። ከቱሪዝም ቢሮው የደወለች ወጣት ናት።

«አባባ፣ ማተሚያ ቤቱ እኛን እየጠበቀ ነው። እርስዎ የነገሩን እንዳለ ነው ወይስ የሚቀየር ነገር አለ?»

ፖስተኛው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተነሣና እስከ በሩ ሄደ። ውጭ ማንም የለም፤ ከሱቁ ራቅ ብሎ የፈለገውን መናገር ይችላል። ወዳጁም ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ከካርታው ላይ ያየዋል።

አንድ እግሩን ደጁ ላይ አሳርፎ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ገባና ጠራዡ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«አለ፣ ልጄ» አለ። «ደረጃ የለም ያልኩት ተሳስቼ ነው። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለ፤ መያዣም የለውም። መንገዱን ከአደባባዩ በግንቡ ማማ ጀርባ አዙሪው። አሥር ደቂቃ ይጨምራል እንጂ ሜዳ ነው።»

«የጠራዦች መንገድ ይውጣ ማለት ነው?»

የጠራዡ እጅ መርፌውን እንደያዘ ቆመ።

«አዎ፣ ይውጣ» አለ ፖስተኛው፣ ዓይኑን ከወዳጁ ሳይነቅል።