ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ማንም ልብ አላለውም፤ በር ነውና ይዘጋል። ልብ ያሉት መላ በሮቹን የሚቆጣጠረውን ማሽን አጥፍታ ካበራችው በኋላ፣ አጎቷ «በይ እንውጣ፣ ሥራ አለኝ» ብለው ካርዳቸውን ሲያስጠጉና መብራቱ ቀይ እንደሆነ ሲቀር ነው።

«ካርዴ ደክሞታል መሰለኝ» አሉ አጎቷ፣ ደግመው እያስጠጉ። መላ የራሷን ሞከረች። ያው ቀይ።

መላ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች ናቸው ያወጡላት። ማቀዝቀዣው ሲያኮርፍ፣ ሚዛኑ ሲዋሽ «እስቲ እሷ መላ ትበለው» ሲሉ ሲሉ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። የፍራፍሬ መጋዘኑ የአጎቷ ነው። አባቷ የሞተ ጊዜ፣ ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ወስደው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ሥራም ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ይህን አንድም ቀን አንስተውባት አያውቁም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ውለታውን የሚቆጥርብህን ሰው ተጣልተህ ትገላገለዋለህ፤ የማይቆጥረውን ምን ታደርገዋለህ?

መላ ግን መሄድ ትፈልጋለች። ሌላ ከተማ ባለ የባቡር መሥሪያ ቤት ተፈትና አልፋለች፤ «እስከ ዛሬ ሥራ መውጫ መልስሽን ካልላክሽ ቦታውን ለተከታይሽ እንሰጣለን» ብለዋታል። ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ሆና መልሱን ጀምራው ነበር። «እሺ፣» ብላ ጻፈችና እጇ አልሄድ አላት። አጎቷ ሳያውቁ እሺ ማለት የስርቆት ያህል ሆነባት። ልትነግራቸው ደግሞ ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ አውርታ ዘግታዋለች። መልእክቱን እንዳለ ትታ ወደ ሌላ ሥራ ዞረች።

ሌላው ሥራ የአጎቷ ትእዛዝ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ፖም ገምጦ ገምጦ ከሣጥን ጀርባ የሚጥል ሰው አለ። አጎቷ ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ሕግ አንቀጽ የሚጠቅሱ ሰው ናቸው። ከእንግዲህ ሁሉም ካርድ ሁሉንም በር መክፈቱ ይቅር፣ ሰው የራሱን በር ብቻ ይክፈት አሉ። ስለዚህ መላ የበሩን መጠይቅ ልትቀይር ተቀመጠች። መጠይቅ ማለት ማሽኑ የካርዶቹን ዝርዝር የያዘውን ዳታቤዝ የሚጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ መሐሉ ላይ ክፍት ቦታ ይተውለታል፣ ክፍት ቦታው በቅንፍ ውስጥ ባለ የጥያቄ ምልክት ይያዛል። ሰው ካርዱን ሲያስጠጋ የካርዱ ቁጥር እዚያ ይገባና «ይከፈትለት ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። እስከ ትናንት ክፍት ቦታው አንድ ነበር። መላ ለበሩ ቁጥር ሁለተኛ ጨመረችለት፤ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ በመሐላቸው ነጠላ ሠረዝ።

አዲሱ መጠይቅ ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ነው። ማሽኑ ያለው ደግሞ እዚህ፣ መስኮት በሌለው የብረት ክፍል ውስጥ። አጎቷ «ፖም በላተኛው ሲያዝ በዓይኔ ልይ» ብለው ተከትለዋት ገቡ። መላ መጠይቁን አልሞከረችውም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ለቀማው ከውጭ ሆኖ ቢሆን ምናለበት!

አጎቷ በሩን በቡጢ ደበደቡት። ከወዲያ የዘበኛው ድምፅ ታፍኖ መጣ።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ክፈት!»

«ካርዴን እንቢ አለኝ!»

«መጠባበቂያ ቁልፍ አለ፣ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ! ሮጠህ አምጣ!»

«ጋሼ፣ ቢሮዎም እኮ የሚከፈተው በካርድ ነው!»

አጎቷ ዞረው መላን አዩዋት። መላም ማሽኑን አየች።

«በያጅ ጥራ! በሩን ይቁረጠው!»

«በያጁ ሥራ ወጥቷል፣ የሚመለሰው ማታ ነው!»

ማታ ማለት ከሥራ መውጫ በኋላ ማለት ነው። ስልኳ ጠረጴዛዋ ላይ ቀርቷል፤ የአጎቷ ስልክ ከዚህ የብረት ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ኔትወርክ አያገኝም። ወንበሯን ስባ የማሽኑ ማያ ፊት ተቀመጠች። አሮጌ ጥቁር ማያ ነው፣ ፊደሎቹ አረንጓዴ። መጠይቁን አስጠራችው። ከሥሩ የስህተት መልእክት ወጣ፤ «?» አጠገብ የአጻጻፍ ስህተት አለ ይላል።

«የትኛው "?" አጠገብ?» አለች መላ ጮክ ብላ። ቅንፉ ውስጥ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረዋል። እሷ የጻፈችው ሁለት ነው።

በየመሐላቸው ነጠላ ሠረዝ አስገባች። ያው መልእክት። የመጨረሻውን አጠፋች። ያው መልእክት። ሁሉንም እንደነበረ መለሰችው። ወደ ድሮው እንዳትመልሰው በሩ አሁን ሁለት ቁጥር ነው የሚልከው፣ የድሮው ደግሞ አንድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁሉንም ሰርዛ እንደ አዲስ ብትጽፈው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን የተጨነቀ ሰው ያልገባውን ነገር መሰረዝ ይፈራል። ሦስተኛዋን ጥያቄ ማን ጻፋት? ምንድን ነው የምትጠይቀው?

«ሰዓቱን ይሆን የሚጠይቅሽ?» አሉ አጎቷ፣ ከኋላዋ ቆመው እየተነፈሱባት።

ምናልባት ብላ ሰዓቱን አስገባችለት። ማሽኑ አልተደሰተም።

«እንግዲያ የኔን ስም ንገሪው!»

«ጋሼ፣ ስም አያውቅም።»

«ባለቤቱን የማያውቅ ማሽን!»

ቀልዳቸው እየሳሳ ሄደ። አጎቷ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ግዙፍ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲፈራ የሚፈራበት ቦታ እንኳ ያጣል። የሸሚዛቸውን ቁልፎች ፈተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። መላ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ አንጀቷን በሏት።

«ጻፊ» አሉ ድንገት።

«ምኑን?»

«ኑዛዜዬን።»

«ኧረ ጋሼ! በያጁ ይመጣል እኮ!»

«እስኪመጣ አየሩ ካለቀስ? ወረቀት የለም፤ እዚያው ማሽኑ ላይ ጻፊ። ጻፊ ነው የምልሽ!»

ከታመመ ሰውና ከፈራ ሰው ጋር ክርክር የለም። መላ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይራ ዝግጁ ሆነች። አጎቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩ።

«መጋዘኑ ከነሙሉ ንብረቱ ለወንድሜ ልጅ ይሁን። አይሸጥ፣ አይለወጥ። ዕድሜ ልኳን እዚሁ ሆና ታስተዳድረው። እሷ ባትኖር ይሄኔ የለሁም ነበር። ጻፍሽው?»

መላ ዓይኗን ከኪቦርዱ ሳታነሣ ትጽፋለች። እኚህ ሰውዬ እየወደዷት ነው የሚቀብሯት። በያጁ ይህን በር ይቆርጠው ይሆናል፤ ኑዛዜውን ግን የሚቆርጥ በያጅ የለም። እንባዋን ጠርጋ የጻፈችውን ልታነብላቸው ቀና አለች።

ማያው ላይ የነበረው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ሦስት መስመር ሙሉ የጥያቄ ምልክት።

ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል? ሰው እየተናዘዘ!»

«ጋሼ፣ ኑዛዜዎን አላወቀውም። አማርኛ አያውቅም! የማያውቀውን ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ነው የሚያሳየው።»

ይህን ስትናገር ሳቋ ቆመ። መሐል ላይ ያለችው ጥያቄ ጥያቄ አይደለችማ! ማሽኑ የማያውቃት የአማርኛ ፊደል ናት። ጠዋት «እሺ፣» ብላ ስትተወው ኪቦርዷ አማርኛ ላይ እንደነበረ ቀረ። መጠይቁ ላይ የጨመረችው ነጠላ ሠረዝና የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። የጥያቄ ምልክቱ ለሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ነጠላ ሠረዙ ግን አማርኛ ሆኖ ገባ። በራሷ ኮምፒዩተር ላይ ደቃቃ ስለሆነ አላየችውም።

ኑዛዜውን አጠፋች። የመሐሏን ምልክት ሰረዘች። ኪቦርዱን መልሳ ማሽኑ የሚያውቀውን ነጠላ ሠረዝ አስገባች። ሁለት ጥያቄ፣ በመሐላቸው አንድ ሠረዝ። የቀረው ኢንተር መጫን ብቻ ነው። ሰዓቷን አየች፤ ትደርሳለች።

ጣቷ ኢንተሩ ላይ ቆመ። በሩ ከተከፈተ አጎቷ ይወጣሉ፤ ስልካቸው ይጮኻል፣ ሰው ይከባቸዋል፣ ማታ ደግሞ ይደክማቸዋል። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ተቀምጠው፣ መሄጃ አጥተው፣ ፊቷን እያዩ አግኝታቸው አታውቅም። ፈራች። አፈረችም። ግን ተናገረች።

«ጋሼ፣ ስህተቱ የኔ ነው። ጠዋት በአማርኛ መልስ እየጻፍኩ ነበር፣ ሠረዙ ከዚያ ነው የመጣው። ለባቡር መሥሪያ ቤት ነው የምጽፈው። ቀጥረውኛል። ልሄድ ነው።»

አጎቷ የግንባራቸውን ላብ በእጃቸው ጠረጉ።

«የት?» አሉ አጎቷ።

የከተማውን ስም ነገረቻቸው።

«መቼ?»

«ዛሬ ሥራ መውጫ ድረስ እሺ ካላልኩ ይቀራል።»

«የበደልኩሽ ነገር አለ?»

«የለም። እሱ ነው እኮ ያሰረኝ።»

አጎቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። ጥግ ላይ የነበረችውን ባዶ ሣጥን በእግራቸው ገፍተው አጠገቧ አመጡና ተቀመጡባት።

«የቱ ጋ ነበር ስህተቱ?»

«አስተካክየዋለሁ ጋሼ። ኢንተር ልጫነው፣ ይከፈታል።»

«መልሰሽ አበላሺው።»

«ምን?»

«አበላሺው አልኩ። እኔ ላስተካክለው።»

መላ ፊታቸውን አየች፤ የሚያነጋግር ፊት አልነበረም። ሠረዙን በአማርኛው ተካችው። ማያው ላይ ሦስቱ ጥያቄዎች ተመለሱ። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ አስጠጋችላቸው። አጎቷ ደብዳቤ እንኳ ሰው ነው የሚጽፍላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አንድ ጣታቸውን ቀስረው ፍለጋ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰረዙት። «እሱ አይደለም» አለቻቸው፤ መለሱት። የመጨረሻውን ሰረዙት፤ እሱንም መለሱት። ከውጭ የሠራተኞች ኮቴ ይሰማል፣ ሰው መውጣት ጀምሯል። በመጨረሻ መሐለኛዋን አጠፉና የነጠላ ሠረዙን ቁልፍ ፍለጋ ጣታቸው በፊደሎቹ ላይ መዞር ያዘ፤ አጠገቡ ደርሶ አለፈው።

መላ አልቻለችም። እጇ ሳታዝዘው ወደ ቁልፉ ተወረወረ። አጎቷ በልጅነቷ ስኳር ስትነካ እንደሚያደርጉት እጇን መታ አደረጓት።

«ተይ አንቺ! ነገ ማን ሊነካልኝ ነው?»

መላ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ቁጭ አለች። የአጎቷ ጣት ከላይኛው ረድፍ እንደገና ጀመረ።