የሥራ አስኪያጇ ወንበር

«ተነሺና ለእሱ ልቀቂለት» አላት ርዕሰ መምህሩ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ፣ በመጻፍ ከክፍሉ ፈጣኑን ልጅ እያመለከተ። እንግዶቹ ደረጃውን እየወጡ ነበር።

ልጅቷ አልተነሳችም። ዞር ብላ የኮምፒውተር መምህሯን አየቻት። የመምህሯ ደም ፈልቷል።

በዚህ ክፍል ኮምፒውተር የሚማሩት በጨዋታ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት አለ፤ ተማሪዎቹ ሠራተኞቹ ናቸው። አንዱ ለደንበኛ ኢሜይል ይመልሳል፣ ሌላው ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ሥራ አስኪያጁ ያዛል፣ ሠራተኛ ከቦታ ቦታ ያዛውራል። እሱ የሚጽፈው ሁሉ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል። ወንበሩ በየሳምንቱ በተራ ይዞራል፤ መምህሯ ቀልድ የማታውቀው በዚህ ሕግ ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ ተራው የዚህችው ልጅ፣ የ«እንቁላል» ነው። በአንድ ጣት ስትጽፍ አይተው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ሳቁባት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ቤቷ ኮምፒውተር የለም። ካርቶን ላይ ኪቦርድ ሥላ እንደምትለማመድ እናቷ ለመምህሯ ነግራታለች። ባለፈው ተራዋ ሲደርስም እንግዳ መጣ ተብሎ ተነስታ፣ ሳምንቱን ከኋላ ቆማ ጨረሰችው። «ሌላ ጊዜ» ብለዋት ነበር። ሌላ ጊዜ የሚባለው ቀን ደግሞ ካላንደር ላይ የለም።

ርዕሰ መምህሩ መምህሯን ወደ ጥግ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመጡት ኮምፒውተሮቹን የሰጡት ሰዎች መሆናቸውን፣ ፈጣኑን ልጅ ካላዩ ሁለተኛ እንደማይሰጡ ነገራት።

«ፈጣኑ ልጅ ቤቱ ላፕቶፕ አለው» አለች። «ሰዎቹ የሰጡት ለሌላቸው ልጆች አይደል እንዴ? የሌላቸውን አቁመን ምን ልናሳያቸው ነው?»

«አሁን የክርክር ሰዓት አይደለም። አስነሻት።»

«አላስነሳትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጥግ ጥግ የምትገፋ ሶፋ አይደለችም።»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነበርና ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። ርዕሰ መምህሩ ትቷት ወደ ልጅቷ ተመለሰ፤ ድምፁም ማር ሆነ።

«የኔ ልጅ፣ ለትምህርት ቤትሽ ስትዪ ለዛሬ ብቻ ...»

«እዚህ ክፍል ሰው የሚያዛውረው ሥራ አስኪያጅ ነው» አለች መምህሯ ከኋላው። «እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጥያቄዎን ያቅርቡላት።»

እንግዶቹ በር ላይ ደርሰው ቆመዋል። ርዕሰ መምህሩ ሲያያቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ ግን እሺ አላለውም።

«እሺ» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሥራ አስኪያጇ ወንበሩን ትልቀቅልኝ ብያለሁ።»

ልጅቷ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ወጡ፤ ክፍሉም እንግዶቹም አብረዋት አነበቡ። የሳቀ አልነበረም።

«ጥያቄዎ ደርሶናል። እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ»

መምህሯን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የረሳችውን አራት ነጥብ ፈልጋ ጨመረችና ላከችው።