ጽድ የለበሰው ግድግዳ

ምስማሩ መዶሻ አልጠየቀም። ወይንእሸት የአባቷን የመድኃኒት ፌስታል ልትሰቅልበት ከአልጋው በላይ በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው፣ ሊጥ ውስጥ እንደገባ እስከ አንገቱ ሰመጠ። ስትነቅለው ግድግዳውን ከውስጥ የሸፈነው አቡጀዲ ተቀደደና ቀላ ያለ ዱቄት ትራሱ ላይ ፈሰሰ። ምስጥ።

አባቷ ቀለሙ ተኝቶ ያያታል። ግማሽ አካሉ ከደረቀ ስምንት ወሩ ነው። አንደበቱ ተይዟል፤ ዓይኑ ግን ምንም አያመልጠውም።

"ምንም አይደለም አባባ" አለችውና ዱቄቱን አራግፋ ወጣች።

ከውጭ ሲታይ ብቸና ውስጥ እንደዚያ ያማረ ግድግዳ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሞጣ ሥራ እንደያዘች፣ የወላጆቿን የጭቃ ቤት ዙሪያውን የጽድ ሳንቃ ያለበሰችው እሷ ናት። እንጨቱን ያገኙላት የሞጣው አናጢ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጡ ምሰሶዎች ገዝተው አሰነጠቁላት። ምሰሶዎቹ ሰባ ዓመት መሬት ውስጥ ቆመው ኖረዋል፤ መጋዝ ሲገባባቸው ግን ዛሬ የተቆረጡ ይመስል ሽታቸው ሰፈሩን አወደው። ጽድ እንዲህ ነው። ምስጥ አይቀርበውም፤ ዘይቱ ይመረዋል። ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ፀሐይ አያጣምመውም፣ ቀለም አይፈልግም። የቀኑን ሙቀትም የሌሊቱን ውርጭም ውጭ ያስቀራል። ይህን ሁሉ ወይንእሸት ለመሥሪያ ቤቷ ሰዎች በስላይድ አሳይታለች፤ አንዱም ውሸት አልነበረበትም።

ለእናቷ ለሸዋነሽ የነገረቻት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ከእንግዲህ ምርጊት የለም።"

ሸዋነሽ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ክረምቱ በወጣ ቁጥር፣ ጭቃ ከጭድ ጋር አስረግጣ ቤቷን ስትመርግ ኖራለች። እጇ የተሰነጣጠቀው በዚያ ነው። ወይንእሸት ያላሰበችው ግን፣ ምርጊት ጭቃ መለጠፍ ብቻ እንዳልሆነ ነው። የሚመርግ ሰው አስቀድሞ አሮጌውን ይፍቃል፤ ሲፍቅ የምስጡን መንገድ ያያል፣ የተበላውን ማገር ነቅሎ ሌላ ይተካል። ያ ቤት በየዓመቱ ይመረመር ነበር። ጽድ ከለበሰ ወዲህ ማንም ፍቆ አላየውም።

ጋሽ እንድሪስ ያኔ አንድ ነገር ብለዋት ነበር።

"በሳንቃውና በጭቃው መካከል ሁለት ጣት ነፋስ መግቢያ እንተው ልጄ። ከመሬትም ስንዝር ከፍ ይበል።"

"ለአይጥ ኮሪደር ልንሠራላት ነው ጋሽ እንድሪስ?"

"ጭቃ ይተነፍሳል እኮ።"

ክፍተት ለመተው ሌላ ቀጫጭን እንጨት ከሞጣ ማስመጣት ነበረባቸው፤ እሷ ደግሞ ሰኞ ሥራ መግባት አለባት። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የብሎኬት ግድግዳ ነው፤ ብሎኬት አይተነፍስም። "ይመታ" አለች። "እንግዲህ ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ" አሉና ምስማሩን መቱት።

አሁን ዲጅኖ አምጥታ አንዱን ሳንቃ ከሥሩ ፈለቀቀችው። ጀርባው ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ቀዳዳ የለበትም። ከኋላው የነበረው የባሕር ዛፍ ቋሚ ግን በጣቷ ስትነካው ተናደ። ጭቃው ረጥቧል። ምስጡ ጽዱን ሳይነካ፣ በጽዱ ተከልሎ፣ ቤቱን በልቶታል።

እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለች ከጓሮ መጣች። ሳንቃውን ተቀበለቻትና አሸተተችው።

"ምን ሆነና ነቀልሽው? ደህና እንጨት።"

"እንጨቱማ ደህና ነው። ከኋላው ያለውን እይው።"

ሸዋነሽ ጎንበስ ብላ አየች።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች ወይንእሸት። "ነፋስ መግቢያ መተው ነበረብኝ። አባባን ዛሬውኑ ጎረቤት እትዬ ወለተ ሐና ቤት እንውሰደው።"

"ይህን ስታለብሽው ተምረሽ ጨርሰሽ ነበር ወይስ አሁን ነው የጨረስሽው?"

"ስደቢኝ። ግን እናውጣው።"

"አይወጣም። አፉ ሳይያዝ 'ከዚህ ቤት የምታወጡኝ ሬሳዬን ነው' ሲል ሰምተሻል።"

"እኔ ሰምቻለሁ። ግድግዳው አልሰማም።"

ሰኔ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ እናትየዋ ያልወሰነችውን ወሰነ፤ በአልጋው ራስጌ በኩል ግድግዳው ወደ ውስጥ አበጠ። አራት ጎረቤቶች ቀለሙን በቃሬዛ ተሸከሙት። በሩ ላይ ሲደርሱ ደህና በሆነው እጁ መቃኑን ያዘ። ሰዎቹ ቆሙ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ወይንእሸት ናት። አልታገላትም፤ ያዘና ተላቀቀ፣ በቃ። እሷን ግን ዳግመኛ አላያትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትቀርበው ዓይኑን ይከድናል።

በዘጠነኛው ቀን ወለተ ሐና ቤት፣ በሰው አልጋ ላይ ሞተ።

ግድግዳው አልወደቀም።

ድንኳኑ የተተከለው በራሱ በቀለሙ ግቢ ነበርና ለቀስተኛው ፊቱን ወደ ጽዱ አዙሮ ነው የተቀመጠው። "ምን ያለ ግድግዳ ነው" ይባባሉ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ በከዘራቸው መታ መታ አድርገው "ልጅ መውለድ እንዲህ ነው" አሉ። ሸዋነሽ ሰማች። ሣልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ልብሷን ያዘችና ወደ ቤቷ ገባች፤ የባሏ አልጋ ላይ ተኛች።

"እማዬ፣ እባክሽ።"

"ይኸው ቆሟል። በከንቱ ነው ያወጣሽው።"

ወይንእሸት ፈቃድ አስረዝማ እዚያው ቀረች፤ ዝናብ በጀመረ ቁጥር እናቷን ከአልጋው ለመጎተት ትነሳለች፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አባቷ በሞተ በሰባተኛው ቀን ስልክ ደወለች። በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ በሚኒባስ ከሞጣ መጡ። ሸዋነሽን አልቅሰው አጽናኑና ቤቱን ዞሩት፤ በየሳንቃው ላይ ጆሯቸውን እያሳረፉ በእጃቸው አንኳኩ።

"ቤቱን የያዘው ጽዱ ነው" አሏት ለብቻዋ። "ጥግ ለጥግ ተመትቶ እንደ ሳጥን ሆኗል። ከነቀልነው ይወድቃል። ካልነቀልነውም ይወድቃል፤ ቀኑን ግን እሱ ነው የሚመርጠው።"

"'ብዬሽ ነበር' አይሉኝም?"

"ምስማሩን የመታሁት እኔ አይደለሁ? አርባ ዓመት እንጨት ሠርቼ ለአንድ ዲግሪ ዝም አልኩ። ሁሉንም ለራስሽ አታድርጊው።"

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሸዋነሽ ከወለተ ሐና ጋር ለመታሰቢያው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ለወይንእሸትና ለጋሽ እንድሪስ ጊዜ ነበራቸው። ወይንእሸት ከእናቷ ልብስና ከአባቷ ፎቶ በቀር ምንም ለማውጣት አልደፈረችም፤ አልጋው ከግድግዳው ሥር ነበር። የራስጌውን ግድግዳ ሳንቃዎች ከላይ ወደ ታች ነቀሏቸው። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በገመድ አስረው ከሩቅ ሳቧቸው።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ግድግዳው በጉልበቱ እንደሚንበረከክ ሰው ወደ ውስጥ ወረደ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ጥጉ አዘመመ። አቧራው ሲረግብ አልጋው አይታይም ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሳንቃዎቹን ቆጥረው ደረደሩ። አንድም የተበላሸ የለም።

ሸዋነሽ በጥቁር ልብሷ ስትገባ ወለተ ሐና ክንዷን ይዛት ነበር። በሩ ድረስ ሄደች፤ መቃኑ ብቻውን ቆሟል። በክፍቱ በኩል ጭቃውን አየችው።

"አልጋው?"

"ከሥሩ ነው።"

"ዛሬ ጠዋት ተኝቼበት ነበር።"

"አውቃለሁ።"

እናቷ ወደ እሷ ዞረች። አላለቀሰችም።

"እሱን ከቤቱ አውጥተሽ ገደልሽው፤ እኔን ቤቴን አፍርሰሽ አዳንሽኝ። አመሰግናለሁ ልበልሽ?"

"አትበይ።"

"አልልም።"

ወለተ ሐና ክንዷን ሳትለቅ ይዛት ወጣች። ወይንእሸት የእግራቸው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች።

"የሰሜኑ ግድግዳስ ጋሽ እንድሪስ?"

"እሱም ያው ነው።"

ዲጅኖውን አነሳች።