ቅጠሉን ማን ከለከለ

እናቴን በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚጥላት ነገር አለ። ልቧ ይደልቃል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ላብ ያጠምቃታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ትሄዳለች። ከሌላ ክልል ተመድቦ ቦንጋ የመጣው ዶክተር ፈለቀ "ጭንቀት ነው" ብሎ ዘጋው። ሐሙስ የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ሕክምና ሊያወጣላት ቀጥሯታል።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል ብወጣም ከንባብ አልወጣሁም። ከኩላሊት በላይ ባለችው እጢ ላይ ሆርሞን እየረጨ ደም ግፊትን በድንገት የሚያንር፣ ሆድ ሲጫንም የሚቀሰቀስ እብጠት እንደሚበቅል፣ ሳይታወቅ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰውም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሊቀር እንደሚችል አንብቤ ሄድኩ።

"ጎግል ነው ያስተማረሽ?" አለኝ።

"ምን ላድርግ ዶክተር፣ እርስዎ ሥራ በዝቶብዎት።"

ሳቀ። እኔን ለመገላገል ግን ምርመራ አዘዘ፤ የሃያ አራት ሰዓት ሽንት ጠብታ ሳይቀር በጄሪካን ተጠራቅሞ አዲስ አበባ ይላካል። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ቡና ክልክል ነው። ይህን የሚለው ቡና ከበቀለባት ከከፋ ምድር ለተወለደች ሴት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የተጠራቀመበትን ጄሪካን ለመላክ ላነሳ ስል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጨሞ ይዘው ገቡ፤ በዝንጅብልና በበርበሬ የፈላ የቡና ቅጠል።

"ይኸው ሰሞኑን በዚህ ነው ያቆየኋት" አሉ ኮራ ብለው።

"እትዬ፣ ቡና ተከልክላለች እኮ።"

"ቡና ነዋ። ቅጠሉን ማን ከለከለ?"

እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

እናቴን ይዤ ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩና የጨሞውን ነገር ነገርኩት።

"ላኪው ባክሽ፣ ቅጠል ምን ያመጣል?"

"የሚያነቃው ነገር ቅጠሉም ውስጥ አለ። የተበላሸ ናሙና የሚያመጣው የተበላሸ ወሬ ነው። ሐሙስን ያራዝሙልኝ።"

"ቀዶ ሕክምና በአንቺ ፕሮግራም አይሄድም" አለና ሐሞቷን ሊያይ እናቴን አስተኝቶ ሆዷን ጫን አደረገው።

ያኔ ተነሳባት። ፊቷ ነጣ፣ ላቧ አንሶላውን አራሰው። ደም ግፊቷን ለካ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ። ደግሞ ለካ። መሣሪያ ቀይሮ ለካ።

"መሣሪያው ጨንቆት ይሆናል" አልኩት።

አልሳቀም። መለስ ሲላት ሐሙስን ሰረዘና ምርመራውን እንደ አዲስ አዘዘ።

"ቅጠሉንም ይጻፉልኝ፤ እትዬ ብርቄ የእኔን ቃል አያምኑም።"

ጻፈ፤ ቡናም ጨሞም ክልክል ነው። ማኅተም አስመታሁበት።

እናቴ ላቧን እየጠረገች "ሻይስ?" አለች።

ዶክተሩ እኔን አየኝ።

"እሱም ይቅር" አልኩ።

ጻፈ።