ዳምጠው ላይ የተቀመጠው ሰው

በጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር፣ በመስከረም የተነጠፈው አስፋልት ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ስንጥቁን ያገኘችው ካሜራ ተሸክማ በየወሩ መንገዱን የምትፈትሽ መኪና ናት። ኮምፒውተሩም ስንጥቁን ከተነጠፈበት ቀን፣ ቀኑን አስፋልቱን ከጠቀጠቀው መኪና ከዳምጠው፣ ዳምጠውን ካስነሣው ካርድ ጋር ወዲያው አገናኘ። ካርዱ የአቶ ንዋይ ነበር።

አቶ ንዋይ በዚያ ኩባንያ ዐሥራ አንድ ዓመት ዳምጠው ነድተዋል። ከዙሪክ ዋና መሥሪያ ቤት ጥሪ ሲደርሳቸው በቅድሚያ ያሰቡት ስለ መንገዱ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፍነሽ ከአዲስ አበባ እንዲመጡ ላስገቡት ማመልከቻ የቀረው፣ ኩባንያው «ሥራው ቋሚ ነው» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ብቻ ነበር።

አስፋልቱ በተነጠፈበት ቀን ዳምጠውን የነዱት እርሳቸው አልነበሩም። ቶኔ በሚባለው የጄኔቫ ዳርቻ የሚኖሩት ወይዘሮ ለተሚካኤል ባላቸውን የቀበሩት በዚያ ዕለት ነው። ኩባንያው ለቀብር ፈቃድ የሚሰጠው ለቅርብ የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ ወይዘሮ ለተሚካኤል ደግሞ አቶ ንዋይ ታመው በተኙ ጊዜ ወር ሙሉ ሾርባ ያመላለሱላቸው ሴት ናቸው። እንዲህ ካለች ሴት ለቅሶ መቅረት የሚቻል ነገር አልነበረም። ካርዳቸውን አብሯቸው ለሚሠራው ለፊሊጶስ ሰጡት። ፊሊጶስ በጊዜያዊ ፔርሚ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚኖር፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሥራው አካፋ ነው። ዳምጠው መንዳት ቢችልም የመንጃ ፈቃድ የለውም።

«ይሂዱ ጋሼ» ብሎ ሥቆ ነበር። «እርስዎ ሲነዱ ከማየት ብዛት እኔንም ወገቤን ያመኛል።»

አስፋልቱ ግን ፊሊጶስ በቅጡ ሳይጠቀጥቀው ቀዘቀዘ።

በዙሪክ የጠበቀቻቸው አስተርጓሚ ሉበና ትባላለች፤ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው። ወደ ክፍሉ እስኪገቡ ድረስ ስለ ማመልከቻው አጫወቷት። በክፍሉ የጠበቀቻቸው የኩባንያው ኃላፊ ያን ቀን ማን እንደነዳ ስትጠይቅ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

ኃላፊዋ ስክሪኑን ወደ እርሳቸው አዞረች። ሉበና ከንፈሯን ነከሰች።

«ጋሼ ንዋይ፣ ወንበሩ ይመዝናል ነው የምትለው።»

«ምኑን?»

«የተቀመጠውን ሰው። ሌላ ቀን ሁሉ ሰማንያ ስምንት ኪሎ፣ ያን ቀን ስልሳ ሦስት። በአንድ ቀን እንዲህ ከከሱ ዘዴውን ለእኔም ይንገሩኝ ነው የምትለው።»

አቶ ንዋይ አልሣቁም። ማሽኑ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ የሰውየውን ክብደት ሳይቀር ያውቃል። የጎደለው ስሙ ብቻ ነው።

«ስሙን ከሰጡ ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውም ዛሬ ይጻፋል ነው የምትለው።»

«ሰውየውስ? ጠይቂያት ልጄ።»

ጠየቀች። «ያለ ፈቃድ ስለነዳ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል አለች።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በአላህ ይሁንብዎ ጋሼ፣ ይናገሩና ይገላገሉ። ባለቤትዎ አይመጡም እንዴ?»

«የራሴን ስም ጻፊ በያት።»

ኃላፊዋ ጻፈች። ስክሪኑ ቀላ፤ ስሙና ክብደቱ አይገጥሙም። የስሙን ቦታ ባዶ ትታ ልትልከው ሞከረች፤ አሁንም ቀላ። እርሷም እንደ መሰልቸት አለችና ረጅም ነገር ተናገረች።

«ላሰናብትዎ አልችልም፣ ወደ ሥራም ልመልስዎ አልችልም ነው የምትለው። ስም እስኪገባ መዝገቡ አይዘጋም። እስከዚያ ካርድዎ ታግዷል፤ ደብዳቤም የለም።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ሲስተሙ ቀን አይቆርጥም አለች።»

በዙሪክ ጣቢያ የጄኔቫውን ባቡር ሲጠብቁ ወይዘሮ ትርፍነሽ ደወሉ።

«ጻፉልህ? ሶፋውን የሚገዛ ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ልስጠው?»

ባቡሩ ገብቶ ቆመ።

«አትሽጪው።»

«ለምን? ምን ተገኘብህ? ማን ምን አደረገህ?»

ወይዘሮ ትርፍነሽ የፊሊጶስን እናት እዚያው አዲስ አበባ በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ያገኟቸዋል። አቶ ንዋይ ስሙን ለሚስታቸውም ሊነግሩ አልቻሉም።