የጀይሉ የዘፈን መኪና

ጀይሉ ኑርሁሴን ሥራውን ለቅቆ ከሚሴ የገባው በ1982 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎች የት እንደደረሱ፣ የትኛው መጋዘን ባዶ እንደቀረ፣ ቀጥሎ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፎ ስሙ ተነሣ። ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ለትምህርትም ምሥራቅ ጀርመን ተላከ። ከሚሴ ያሉት ዘመዶቹ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ "ከቴሌቪዥን ጋር ይነጋገራል" ብለው ነበር የሚመልሱት።

ጀርመን አገር ሳለ አንድ ቀን ከብርዱ ለመሸሽ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገባ። እዚያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን ተዘርግቶ ነበር። ማንም ሳያየው በአንድ ጣቱ የባቲን ቅኝት ሞከረ። ድምፁ ይቀርባል እንጂ አይገጥምም። ክራሩ ላይ ጅማቱ የሚቆምበት ቦታ በዚያ መሣሪያ ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል ወድቆ ቀረ። ጀይሉ ማደሪያው እስኪደርስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። ኮምፒዩተር ድምፅ ማውጣት ከቻለ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ሰው በፈለገው ቦታ እንዲያቆመው አድርጎ ፕሮግራም መጻፍ ምን ይከለክላል? ሲመለስ ትንሽ ኮምፒዩተርና አንድ ሻንጣ ሙሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይዞ መጣ።

መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ባወጀ ማግሥት የመልቀቂያ ማመልከቻውን አስገባ። አለቃው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አየው።

"ሰው ከወሎ እየሸሸ አንተ ወሎ ትሄዳለህ? ጦርነቱ እኮ ደጃችሁ ነው።"

"ድምፁ ያለው እዚያ ነው" አለ ጀይሉ። "ኩባንያዬም እዚያ ነው የሚሆነው።"

ታላቅ እህቱ ረቢአ እህል ነጋዴ ነበረች፤ የምትኖረውም አባታቸው ትተውላቸው በሄዱት ቤት ነው። ማሽላ የምታከማችበትን ክፍል አስለቅቃ ሰጠችው። በሩ ላይ "ጨፋ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሥራ" የሚል ታፔላ ሰቀለ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያነበውና ይስቅ ነበር።

ቁልፎቹን ለመቃኘት የፈለገውን ጆሮ ለማግኘት ብዙ አልደከመም። አብዱሰላም የሚባል ወጣት ነበር፤ ከከሚሴ እስከ ባቲ ሠርግ ያለው ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። ክራር ይመታል፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ሰው ሲያለቅስ እሱ ፈገግ ይላል። ባሏ የሞተባት እናቱ ዓዲላ ሌላ ልጅ የላትም። እሱም ዘይና የምትባል የባቲ ልጅ ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም።

ሁለቱ ክረምቱን ሙሉ በዚያች ክፍል ከረሙ። አብዱሰላም አንዱን ጅማት ይመታል፤ ጀይሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥር ይለውጥና ቁልፉን ይጫናል።

"ዝቅ አድርገው።"

"አሁንስ?"

"ወረደ። ትንሽ መልሰው... ትንሽ... ቶሌ! እዚያው ተወው፣ እንዳትነካው!"

መስከረም ላይ መሣሪያው ባቲን፣ አምባሰልን፣ ትዝታን እየለየ ይጫወት ጀመር። ጀይሉ የከበሮ ምትም ጨመረበት፤ አንዴ ከተነሣ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚመታ። አብዱሰላም መጀመሪያ ሲሰማው ከመቀመጫው ተነሥቶ የመሣሪያውን ጀርባ አየ፤ ከዚያ ራሱን ይዞ ሳቀ። የከሚሴ ሰው "የዘፈን መኪና" አለው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የወጣው ጨፋ ሮቢት በተደረገ ሠርግ ላይ ነው፤ በመኪና ባትሪ አሠሩት። ሽማግሎቹ ሳይቀሩ ከዳሱ ወጥተው ከበቡት። ሴቶቹ እልልታውን አናቋርጥ አሉ። ዓዲላ በሰው መካከል ተሽሎክሉካ መጥታ የጀይሉን ትከሻ ያዘችና፣ "አላህ እድሜ ይስጥህ፣ ልጄን ሰው አደረግህልኝ" አለችው። በሳምንቱ ከደሴ የሙዚቃ ቡድን ያላቸው ሰዎች መጡ። ለእኛም ሥራልን አሉት። ጀይሉ በሕይወቱ እንደዚያ ወር ደስ ብሎት አያውቅም።

ችግሩ ዕቃው ነበር። ሌላ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ያንን ለማስገባት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ የሄደበት ቢሮ ሁሉ ነገ ና ይለዋል። በዚህ መካከል አብዱልጀሊል ቤቱ መጣ። አብዱልጀሊል አብሮት የተማረ ነው፤ ያኔ የወጣት ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ነበር።

"የባህል ዝግጅት አስበናል" አለው። "እሑድ፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ። መኪናህን ይዘህ ና፣ አብዱሰላምም ይዝፈን። የፈቃዱን ነገር ለእኔ ተወው፣ ደሴ ሰው አለኝ።"

"አብዱሰላም ገበያ ቀን አይወጣም እኮ። የወታደር አፈሳውን እየፈራ።"

"ከእኔ ጋር ሆኖ ማን ይነካዋል? ወላሂ፣ በእኔ ይሁንብህ።"

እሱ ሲወጣ ረቢአ እህል የምታበጥርበትን ሰፌድ አስቀመጠች።

"ጀይሉ፣ ተው። በዚህ ጊዜ ወጣት ሰብስቡ የሚል ሰው ለዘፈን ብሎ አይደለም።"

"ስምንት ቢሮ ዞሬ አንድ ሰው ብቻ ነው እሺ ያለኝ፣ ረቢአ።"

"እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ።"

አብዱሰላምም ቶሎ እሺ አላለም። ክራሩን እግሩ ላይ አጋደመ።

"ጋሼ ጀይሉ፣ እኔ እሑድ እሑድ ማሽላ ማሳ ውስጥ ተደብቄ ነው የምውለው። ታውቃለህ።"

"ከእኔ ጋር ነህ። ሊቀመንበሩ ራሱ ቃል ሰጥቶኛል። ይህቺ አንዷ ከሆነች ፈቃዱ ይወጣል፤ ፈቃዱ ከወጣ አንተ የኩባንያው ባለድርሻ ነህ። ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ይኖርሃል፣ ማንም አያፍስህም።"

አብዱሰላም ፊቱን አየው። "እንግዲህ አንተ ካልክ" አለ።

እሑድ ሰንበቴ እንደ ወትሮው ሞልታ ነበር። አፋሮቹ ግመሎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ነድተው ወጥተዋል፤ ደገኞቹ ገብስና በግ ይዘው ወርደዋል። በገበያው ውስጥ ሴት፣ ሽማግሌና ልጅ እንጂ ወጣት ወንድ አይታይም ነበር። ጀይሉ ሽቦውን አገጣጥሞ የከበሮውን ምት አስነሣ። አብዱሰላም ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

መጀመሪያ ልጆቹ መጡ። ቀጥሎ ከየጎጆው ጓሮ፣ ከየማሽላው ማሳ፣ ከወንዙ ማዶ ወጣቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ። ርቀው ቆመው ያዩና ማንም እንዳልነካቸው ሲያረጋግጡ ይጠጋሉ። እየቆየ ክቡ ሰፋ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲዘሉ መሬቱ አቧራውን ተፋ። ከመካከላቸው ለወራት ፀሐይ ያልነካቸው ነበሩ። ጀይሉ ቁልፎቹ ላይ እንዳጎነበሰ ቀና ብሎ አያቸውና ልቡ በኩራት ሞላ።

የአፈሳው ካሚዮኖች በአስፋልቱ በኩል መጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ስፒከሩ ዋጠው። ሰው ዞር ሲል ታጣቂዎቹ ዙሪያውን ይዘዋል።

ክቡ ፈረሰ። ግመሎቹ ተደናግጠው ሰውን ረገጡ፤ የሸክላ ድስት የሚሸጡት ሴቶች እየጮኹ በዕቃቸው ላይ ወደቁ። ጀይሉ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ደርቆ ቀረ። ከበሮው ግን አላቆመም። በራሱ እንዲመታ ነው የተሠራው። ሰው እየሮጠ፣ ሰው እየተጎተተ፣ ምቱ ሳይዛነፍ ይቀጥል ነበር። ጀይሉ ሽቦውን መንቀል እንዳለበት የታወሰው ቆይቶ ነው።

አብዱሰላምን ሁለት ሰዎች በክንዱ ይዘውት ነበር። ክራሩ ወድቆ አንዱ ረግጦታል።

"እሱን ልቀቁት! የእኔ ሰው ነው! ሊቀመንበሩን ጠይቁ!"

አብዱልጀሊል ከካሚዮኑ አጠገብ ቆሟል። ጀይሉ ሮጦ ደርሶ ኮቱን ጨመደደው።

"ቃል ሰጥተኸኛል! ንገራቸው!"

"ኮታ ነው፣ ጀይሉ" አለ አብዱልጀሊል ወደ መሬት እያየ። "ጥቂት ይወስዳሉ ነው የተባልኩት። ይህን ያህል አልመሰለኝም።"

"ታውቅ ነበር?"

አብዱልጀሊል ኮቱን ከእጁ መነጨቀ። አብዱሰላም ካሚዮኑ ላይ በሰው ተጨናንቆ ቆሞ ወደ ጀይሉ እያየ ነበር። አልጮኸም፣ እጁንም አላወዛወዘም። ጀይሉ፣ "አብሽር! አስወጣሃለሁ!" ብሎ ጮኸለት። ካሚዮኑ ወደ ኮምቦልቻ ዞረ።

ጀይሉ ቃሉን ለመጠበቅ ያልረገጠው ደጅ የለም። ኮምቦልቻ ሄደ፤ ደሴ ሄደ። በድርቁ ጊዜ ያገኘውን የምስክር ወረቀት ይዞ ዞረ። ደሴ አንድ የጦር መኮንን ስሙን ሲሰማ ተነሥቶ ጨበጠው።

"የእርዳታው ፕሮግራም ጸሐፊ አንተ ነህ? እኔ ያኔ ኮረም ነበርኩ። ብዙ ሰው አትርፈሃል!" ብሎ ሻይ አዘዘለት። የአብዱሰላምን ነገር ሲነግረው ግን ራሱን ነቀነቀ። "የሰንበቴዎቹ ሰሜን ገብተዋል። ከዚያ ማንንም አልመልስም።"

ጀይሉ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። የዕቃው ማስገቢያ ፈቃድ ያን ሰሞን ወጣለት። መጥተህ ውሰድ ተባለ፤ አልሄደም።

ከሚሴ ፊቷን አዞረችበት። የሰደበው የለም። ሰላምታው ነው የቀረው። "አካም ጅርታ፣ ኢንጅነር" እያሉ ያስቆሙት የነበሩ ሰዎች ሲያዩት ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። መሣሪያውን ለሠርጋቸው የጠየቁ ቤተሰቦች ሁሉ ሰው ልከው ቀርቷል አሉ። አንዲት ልጇ ሰንበቴ የታፈሰባት ሴት በጠራራ ፀሐይ በሩ ላይ መጥታ ታፔላውን አንጋጣ አየችና፣ "ወፍ የሚያጠምድ ሰው እንኳ ጥሬ ይበትናል፤ አንተ በዘፈን ያዝክብን" ብላ ሄደች። ጀይሉ በማግሥቱ ታፔላውን አወረደ። ኮምፒዩተሩን በጆንያ ሸፈነው።

ወደ ዓዲላ ቤት ለመሄድ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሲገባ ዘይና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ዓዲላ መቀመጫ አሳየችው። እሱ ግን ይቅር በይኝ ማለት አቃተው። ቃሉ ከሆነው ነገር በጣም አነሰበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሄደ የሚያፈስ ጣሪያዋን ጠገነላት፤ እንጨት አስመጣላት። አትከለክለውም፣ አታመሰግነውምም። በበጋው የዘይና ወንድሞች መጥተው እህታቸውን ወደ ባቲ ወሰዷት። ዓዲላ ብቻዋን ቀረች።

በ1983 ግንቦት ደርግ ወደቀ። ሰሜን የነበረው ሠራዊት ተበትኖ በአስፋልቱ ወደ ደቡብ ይፈስስ ጀመር። በከሚሴ መካከል ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ፤ ጫማ የሌላቸው፣ ካናቴራቸው ላያቸው ላይ ያለቀ፣ ውሃ የሚለምኑ። የከተማው ሴቶች ንፍሮ እየቀቀሉ መንገድ ዳር ያቀርቡላቸው ነበር። ዓዲላ ጠዋት ውሃ በጀሪካን ይዛ ትወጣለች። ጀይሉ ጀሪካኑን ይቀበላትና አጠገቧ ይቀመጣል።

"ልጄ፣ አብዱሰላም የሚባል ታውቃለህ? የከሚሴ ልጅ፣ ክራር የሚመታ?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"አብሽር፣ ጠጣ።"

ለሁሉም ይህንኑ ነበር የምትለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የሚያነክስ ወጣት ስሙን ሲሰማ ቆመ። የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው፤ ስሙ ዩሱፍ። ከሰንበቴ በአንድ ካሚዮን ነው የሄዱት። ዓዲላን አየ፤ ጀይሉንም አወቀው። ውሃውን ሳይጠጣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ደቀመሐሪ አካባቢ ነው፣ እማማ። ሚያዝያ ላይ። አጠገቤ ነበር። አልተሰቃየም።"

ዓዲላ፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለችና ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ሻሿን ሳትገልጥ፣ "ይዘፍን ነበር?" አለች።

ዩሱፍ ወደ ጀይሉ ሰረቅ አድርጎ አየ። "አንድም ቀን አልዘፈነም። ማሠልጠኛ ሳለን የኪነት ቡድን ሊያቋቁሙ፣ መሣሪያ የሚችል ይውጣ አሉ። እነዚያ ግንባር አይሄዱም። ጎኑን እየጎሸምኩ፣ ውጣ እንጂ፣ ትተርፋለህ አልኩት። እንቢ አለ። 'አንድ ጊዜ ሰው ሰበሰብኩላቸው፣ ይበቃቸዋል' አለኝ። ገበሬ ነኝ ብሎ ተመዘገበ።"

ጀይሉ ተነሣ። ጥቂት ተራምዶ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። የሚያልፉት ወታደሮች ሲገፉት እንኳ ፈቀቅ አላለም። ዓዲላ ኋላው መጥታ እስክትቆም አልሰማትም።

"ጀይሉ።"

"እመት።"

"አልረገምኩህም። አንተም ልጄን እንደምትወደው አውቃለሁ። ግን ባየሁህ ቁጥር የሠርጉ ቀን ነው የሚመጣብኝ፣ አላህ እድሜ ይስጥህ ያልኩህ። አልቻልኩም። ከዚህ ከተማ ሂድልኝ።"

"እሺ፣ እማ ዓዲላ።"

ለቅሶውን ከወንዶቹ ኋላ ተቀምጦ ጨረሰ። ረቢአ አትሂድ አለችው፤ ወሬው ይረሳል አለችው። ጀይሉ ግን ጥቂት ልብሱን ብቻ ይዞ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ። አውቶቡሱ በተበተኑ ወታደሮች ተጨናንቆ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከከሚሴ ሳይወጡ እንቅልፍ ጣለውና ራሱ ጀይሉ ትከሻ ላይ ወደቀ። ጀይሉ ልጁ እንዳይነቃበት ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ ሰንበቴን አለፈ።