የዐቢይ ጾም ጎመን

ልብ ይሉታል ይህን፣ ልብማ ልኩን በጠበቀ፣ አንድ ይመታና ሁለቱን ይውጣል፣ ከዚያ አምስቱን በአንድ ትንፋሽ ያግተለትለዋል፣ ልክ እንደ ኢግናቲስ፣ በግራው አትሮንስ እንደሚቆመው እንደዚያ ዓሣ ሻጭ፣ ዜማውን እንደ ሰርዲን ሳይበላሽበት ሸጦ ወደ ቤቱ ለመግባት እንደሚጣደፈው። ስትራቲስ በቤተ ክርስቲያኑ የቀኝ አትሮንስ ቆሟል፣ አርባ አንድ ዓመት ዜማ ሲመራ የኖረው ከዚህ ቆሞ ነው፣ የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ጣቱ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ልኩን ጠብቆ ይመታል፣ በደረቱ ውስጥ ያለው ግን አይታዘዝም፣ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ጆሮውን ይዞ ከደጀ ሰላሙ ያስወጣው ነበር።

ስሙም ያምራል ደግሞ። ዶክተር ኢፊጌንያ የበሽታውን ስም ስትነግረው በባሕረ ሰላጤው ላይ ስለሚያብለጨልጨው ፀሐይ የምታወራ መስሎት ነበር፣ ጽርዕ በሚናገር በሌስቦስ ደሴት ሰው ጆሮ ሁለቱም ያው አንድ ቃል ናቸውና፣ እንዴት ያለ ጨዋታ ነው፣ ለሥጋ ብልሽት የብርሃን ስም ማውጣት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስታማትብ ዝንብ የምታባርር ትመስላለች። እሷ ናት የምታስተምረው፣ አባባ ስትራቲስ፣ የላይኞቹ የልብ ጓዳዎች ደሙን ጨምቀው ማውረድ ትተው ይንቀጠቀጣሉ፣ ደሙ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ የተኛ ደም እንደ እርጎ ይረጋል፣ ከረጋው አንዲት ቁራጭ ተነሥታ ወደ አንጎል የወጣች ቀን እጅ ይዛ ትሄዳለች፣ ወይ አንደበት። አንደበት ስትል ጉሮሮውን አየችው። አውቃ ነው።

አንደኛው ክኒን ሩጫውን ያበርዳል፣ ሁለተኛው፣ ዋርፋሪን የሚሉት፣ ደሙ እንዳይረጋ ይጠብቃል፣ ልቡን በኤሌክትሪክ አስደንግጦ ወደ ምቱ መመለስም አለ፣ አቴና ወርዶ በደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የሚያውከውን ሥፍራ ማቃጠልም አለ፣ ይህ ሁሉ ግን ደሙ ከተስተካከለ በኋላ ነው አለች። ጎመን የማይነካቸው አዲስ ክኒኖች ወጥተው የለም እንዴ ቢላት፣ ለእርስዎ አይሆኑም፣ በልጅነትዎ የያዘዎት ትኩሳት የልብዎን በር አጥብቦታል፣ አለች። ለሁሉ መልስ አላት። አንድ ጊዜ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት።

ሰኞ ጣቱን ወጋችው፣ በሁለትና በሦስት መካከል መሆን የነበረበት የደሙ መርጋት መለኪያ ቁጥር አንድ ነጥብ ሁለት ሆኖ ወረደ። ምን ሲበሉ ከረሙ? ጾም ነው፣ ምን ይበላል፣ ጎመን። እውነቱን ነው፣ ሚስቱ ሚርሲኒ በየማለዳው ከወይራው ሥር የለቀመችውን መራራ የዱር ጎመን፣ ተቀቅሎ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሁለት ሁለት ሳሕን፣ የተቀቀለበትን ውኃ ሳይቀር በብርጭቆ፣ ደም ያጠራል ትል ነበር እናቱ፣ እሱም ይህን ሁሉ ሳምንት ደሜ እየጠራ ነው ብሎ ሲመካ ከረመ። ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቅ ይሁን ሐዘን አልለየም፣ መድኃኒትዎን ጎመኑ በልቶታል አባባ፣ ተዉት አልልዎትም፣ በየቀኑ በአንድ ልክ ይብሉ፣ ክኒኑን እኔ ከእሱ ጋር አስተካክላለሁ። በአንድ ልክ። ለእሱ፣ ለስትራቲስ፣ ስለ ልክ ትሰብካለች።

ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ጠዋትና ማታ ጤና ጣቢያ እየመጡ ሆድዎ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ይወጋሉ፣ አንድም እንዳይዘልሉ፣ አለች። እስከ ትናንት ማታ ተወጋ። የዛሬው ሰዓት ከቅዳሴው ጋር ገጠመ፣ ቀረ፣ ምን ይሁን፣ ቢሄድ ኢግናቲስ በቀኙ ሊቆም ነው፣ ዛሬ የቆመ ነገም ይቆማል፣ የነገውን የስቅለት እንጉርጉሮ ሰርዲን ሻጭ ሊመራው፣ አይሆንም፣ ከዚያስ፣

ማ።

ቃሉ የለም።

በመጽሐፉ ላይ አለ፣ ያየዋል፣ ስለዚህች ስለ ዛሬዋ ምሥጢር የተጻፈ ቃል ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ፊደሎቹ ቁጭ ብለዋል፣ ምላሱ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቷል፣ ማ፣ ማ፣ ጣቱም ቆመ፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፣ እና ከግራ በኩል አንድ ድምፅ ገባ፣ ከእሱ ድምፅ በታች፣ ባቆመበት ቃና ላይ፣ ቃሉን አነሣው፣ ማዕድ፣ ቀጠለ፣ ማንም የተቋረጠ ነገር እንዳለ አላወቀም። ኢግናቲስ ወደ እሱ እንኳ አልተመለከተም። ያ ዓሣ ሻጭ።

ማዕድ። ተመለሰ፣ አለ፣ በአፉ ውስጥ አለ። ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው የቆየው፣ ምንም አይደለም፣ ድካም ነው፣ ጾም ነው፣ ውሸታም፣ አንተ ሽማግሌ ውሸታም፣ ሴቲቱ ነግራሃለች፣ በሐኪም ቋንቋ ሳይሆን ሕፃን በሚገባው ቃል ነግራሃለች፣ አንደበት ብላ ጉሮሮህን አይታለች፣ አንተ ግን እሷ ስታማትብ እጇን ትመለከት ነበር።

መጽሐፉን አንሥቶ መሐሉን ተሻገረ፣ በግራው አትሮንስ ላይ አኖረው። ለኢግናቲስ በጆሮው ሹክ አለው፣

«ነገ አትሩጥ።»

«የት ሊሄዱ ነው፣ መምህር?»

መምህር አለው። ስትራቲስ ሃያ ዓመት ሲንቀው የኖረው ሰው።

በቁልቁለቱ ይወርዳል፣ ጤና ጣቢያው ከወደቡ አጠገብ ነው፣ ሚርሲኒ ከቤታቸው ደጃፍ ብቅ አለች፣ ለፋሲካ ዕንቁላል ቀይ ስታቀልም ጣቶቿ ቀልተዋል፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ምን ሆነህ መጣህ? ማዕድ፣ አላት፣ ቃሉ እንዳለ ለማየት። ምን ማዕድ፣ እስከ እሑድ ጾም አይደለም እንዴ፣ ደግሞስ አፍህ ለምን ጠመም አለ? መርፌዬን ልወጋ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ፣ ብቻዬን አልሂድ። አልታጠበችም፣ በቀላው እጇ ክንዱን ያዘች።

ከታች ባሕረ ሰላጤው በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱም ሞገድ ከሌላው ልክ አይገጥም፣ ማዕድ፣ ማዕድ፣ አለ፣ ገና አለ፣ ከላይ በድምፅ ማጉያው የኢግናቲስ ዜማ ይከተላቸዋል፣ ስትራቲስ በሚርሲኒ ክንድ ላይ በጣቱ ልኩን ይመታል፣ ስሕተቱን ሊይዝ ይጠብቃል፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አይሮጥም፣ ይህ ሰው አይሮጥም፣ እንግዲያውስ ይህን ሁሉ ዓመት ስሮጥ የኖርኩት እኔ…